ለሌሎቹ የምትመሰክር ፍሬ

እስራኤል አገር፣ መቫሰሬት ጽዮን ውስጥ ቡና ተጠርቶ የተቀመጠ ሰው፣ የጎንደር እናቶች አዲስ ጀበና ሲያገላብጡ ሳያይ አይቀርም። በጣታቸው ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን ይሰጡታል። ጥርት ብሎ ከጮኸ በእሳት በደንብ በስሏል፤ ድምፁ ከታፈነ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለበት። በሸክላዋ ስሟ የተነሳው የጎንደር አጠገቧ መንደር ወለቃ ይህን ፈተና ጠንቅቃ ታውቀዋለች።

የካታሊስት ፍሬ የሚፈትን ባለሙያ የእነዚህ እናቶች የሙያ ዘመድ ነው። ጀበናው ግን ተፈትኖ ቡና ይፈላበታል፤ የእሱ ፍሬ ተሰብራ፣ ለሌሎቹ መስክራ ታልፋለች።

ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። የማዳበሪያው አሞኒያ የሚሠራው በብረት ካታሊስት ነው፤ እንደ ሃይፋው ባለ የነዳጅ ማጣሪያም ናፍጣን ከድኝ የሚያጠራው ኮባልትና ሞሊብዲነም የተሸከመ የአሉሚና ፍሬ ነው። ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክሉት ፍሬዎች በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ በቶን ይከመራሉ። የታችኛዋ የላይኞቹን ሸክም ካልቻለች ትደቅቃለች፤ ዱቄቷም የጋዙንና የፈሳሹን መንገድ ይዘጋል።

ፈተናው ለተመልካች ቀላል ነው። አንዲት ፍሬ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መሃል ትቀመጣለች፤ ግፊቱ በእኩል ፍጥነት ይጨምራል፤ ቀጭ! የሰበራት ኃይል በኒውተን ይመዘገባል። ሙያው ያለው ከዚያች ቀጭታ በፊት ነው። ፍሬዋ እልፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏት የአየሩን እርጥበት ትጠጣለች፤ እርጥበቱም ቁጥሩን ያዛባል። ስለዚህ ኤኤስቲኤም ዲ4179 በተባለው ደንብ መሠረት በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 3 ሰዓት ትሞቅና እርጥበት በማያስገባ ዝግ ዕቃ ትቀዘቅዛለች። ባለሙያው በወረንጦ ያነሳታል። የሲሊንደር ቅርጽ ካላት በጎኗ መተኛቷና ቀጥ ብላ መቆሟ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ አንዷን እንዳስተኛ ሁሉንም ያስተኛል። ከእያንዳንዷ በኋላ ብረቱን በብሩሽ ይጠርጋል፤ የቀዳሚዋ ስባሪ ከሥር ከቀረ ሸክሙ አንድ ነጥብ ላይ ያርፍና ጠንካራዋን ደካማ ያስመስላታል።

ከሁሉ የሚከብደው አለመምረጥ ነው። እጅ ሳያስበው ለስላሳዋንና ሙሉዋን ያነሳል፤ ጫፏ የተሸረፈችውን ያልፋል። የሠለጠነ እጅ ግን ከናሙናው እንደመጣች ያነሳታል፣ እንዲህ እያለ 50 እና ከዚያም በላይ ይሰብራል።

አማካዩ ደግሞ ይሸነግላል። ለምሳሌ የ50ዎቹ አማካይ 100 ኒውተን ሆኖ አምስቱ በ20 ቢሰበሩ፣ ቁጥሩ ያምራል፤ ጋኑን የሚዘጉት ግን እነዚያ አምስቱ ናቸው። ስለዚህ ፍሬ የሚገዛ ሰው በአማካዩ ብቻ አይርካ፤ የደካሞቹን ዝርዝር ይጠይቅ። ጥሩ ባለሙያ ሳይጠየቅም ያቀርበዋል።