ባቲና ብሉዝ በአንድ ጊታር ላይ

ጊታር የሚማር ሰው ሶሎ መጫወት ሲያምረው መጀመሪያ የሚያገኘው ቅርጽ የትም አገር አንድ ነው። ከላ ከተነሳ ጠቋሚ ጣቱ አምስተኛው ፍሬት ላይ ያርፋል፣ የቀለበት ጣቱ ሰባተኛውን ይይዛል፣ ትንሿ ጣት ስምንተኛው ላይ ትዘረጋለች። ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። የሚሲሲፒና የቺካጎ ብሉዝ፣ ከብሉዝ የተወለደው ሮክም ጭምር፣ አብዛኛውን ሶሎውን የሠራው በዚህ ቅርጽ ነው። ከዶ ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናሉ። የእኛ ባቲ ማይነር ቅኝትም እነዚሁ አምስቱ ናቸው፤ የጎደለም የተጨመረም የለም።

ይህን ለተማሪ ስነግረው ዓይኑ ይበራል። «እንዲህ ከሆነማ ባቲ ድሮም እችል ነበር ማለት ነዋ፣ ጋሼ!» ይለኛል። በል እስቲ እለዋለሁ። ይጫወታል። የሚወጣው ብሉዝ ነው፤ ያውም ጥሩ ብሉዝ። ባቲ ግን አይደለም። እሱም ይሰማዋል፤ ግራ ገብቶት ጣቶቹን ያያል። ጣቶቹ ያሉት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ሚ ፍላት ላይ ነው። ብሉዝ ተጫዋች ይህችን ድምፅ እንዳለች አይተዋትም። ክሩን በጣቱ ገፋ እያደረገ ወደ ሚ ያስጠጋታል፣ ግን አያደርሳትም፤ የብሉዝ ምሬት ያለው እዚያ፣ በማይነርና በሜጀር መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ባቲ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ቅኝቱን ያደበዝዘዋል። ባቲ ሜጀር የሚባል ሌላ አለና፤ የእሱ ድምፆች ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው። ሁለቱ እንዲለዩ ሚ ፍላት ጸንታ መቆም አለባት። ጌጡ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው፦ ማሲንቆ እንደሚያደርገው ከጎረቤት ድምፅ ተንሸራትቶ በመግባት፣ አንዷን ድምፅ በማርገብገብ፣ ሐረጉ ሲያልቅ በቂ ትንፋሽ በመስጠት።

ከዚያ ኮርዱ አለ። የተለመደው ብሉዝ 12 ባር ነው፤ ሦስት ኮርዶች በየተራቸው ይመጣሉ፤ ሶሎ የሚጫወተው ሰው አንድ ድምፅ ይዞ ቢቆም እንኳ ኮርዱ ከሥሩ ሲለወጥ ያ ድምፅ ሌላ ስሜት ይይዛል። የእኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኮርድ ላይ ይቆያል። የሚሄደው ዜማው ነው፤ ከዜማውም ይልቅ ግጥሙ። ድምፃዊው ሰምና ወርቅ እያወረደ ጊታሩ ኮርድ እየቀያየረ ከሮጠ አድማጭ ወርቁን ሳይይዘው ያመልጠዋል።

ምቱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ብሉዝ ሸፍልም ችክችካም ሦስት ሦስት እየተከፈሉ የሚሄዱ ስለሆኑ ተማሪው አንድ ይመስሉታል። ሸፍል ግን አራት ትልልቅ ምቶች አሉት፤ እግር ለአራት ይረግጣል፣ ስናሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይመታል። ችክችካ 6/8 ነው፤ ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስት። ከበሮው አንደኛውን ሲይዝ ጭብጨባው ሁለተኛውን ሊይዝ ይችላል። በዚህ መሐል የጊታሪስቱ ቀኝ እጅ የት እንደሚያርፍ ከመጽሐፍ አይገኝም። እኔ ተማሪዎቼን እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ እያዩ እንዲመቱ ነው የማደርገው። ትከሻው ወደ ኋላ የሚመለስበትን ቅጽበት ያገኘ እጅ ከዚያ ወዲያ አይስትም።

ስለ ሙዚቃ ስልቶች አእምሮን ክፍት ስለማድረግ የማምነው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው። «እኔ ሁሉንም እሰማለሁ» የሚሉ ጊታሪስቶች ብዙ ናቸው፤ መስማቱ ደግ ነው። ግን አንድ ሰው ጃዝም ሬጌም ጉራጊኛም በለመደው አንድ እጅ ከተጫወተ የተከፈተለት ነገር የለም፤ የራሱን ስልት በተለያየ ስም እየደጋገመ ነው። ክፍትነት የምለው ሌላውን ስልት በሚጫወትበት ሰዓት የራስን ልማድ ማስቀመጥና የዚያን ስልት ሕግ ከሥሩ መቀበልን ነው፦ የት ያርፋል፣ የት ይዘገያል፣ ምን አይነካም። ይህ ደግሞ የሚከብደው ለጀማሪ ሳይሆን ለጎበዝ ነው። ጀማሪ የሚያስቀምጠው ልማድ ገና የለውም።

በዕድሜ ከፍ ያሉ አንዳንድ የሙያ ወዳጆቼ ይህን ስል «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል። ቅኝት ሳይዝ ኮርድ የተማረ ልጅ ትዝታን እንደ ሌላ አገር ዘፈን ሲያጅብ ሰምቻለሁ፤ ያሳምማል። ነገር ግን ዛሬ «የእኛ» ብለን የምንከራከርለት ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ እንዴት እንደተሠራ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነናስ መሣሪያዎቻቸው አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የአገራችንን ዜማ ለትልልቅ ኦርኬስትራዎች ሲያቀናብር አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ከምዕራቡ ኮርድ ጋር የማስማማቱን ከባድ ጥያቄ በየዕለቱ ይጋፈጥ ነበር። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲያስቀርጽ ቅኝቶቻችንን ከካሪቢያን ምት ጋር አገናኛቸው። ኢትዮ ጃዝ የምንለው ከዚያ ሙከራ ነው ያደገው። ጊታርን በተመለከተ ደግሞ የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን ለይቶ ማዳመጥ ይበቃል። ቀኝ እጁ ፈንክና ሶል ጠንቅቆ የሚያውቅ እጅ ነው፤ ግራው ግን ከቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ትልቅ ሙያ ነው፤ በአጃቢነት ስለሠራው ነው እንጂ ከዚህ የበለጠ በተወራለት ነበር።

ክራርን ቀረብ ብሎ ያየ ጊታሪስት ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ክራር ተጫዋች በምት ሲጫወት ቀኝ እጁ ክሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ይገርፋል። ግራ እጁ ከክሮቹ ጀርባ ሆኖ የማይፈለጉትን በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ ያፍናቸዋል፤ የሚፈለገውን ብቻ ይለቀዋል። ስለዚህ ከድምፁ ጋር አንድ ደረቅ ጭብጥ ያለ ምት አብሮ ይወጣል፤ ዜማውም ከበሮውም ከአንድ መሣሪያ ይሰማሉ። የጄምስ ብራውን ጊታሪስት ጂሚ ኖለን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የፈንክን ጊታር ሲቀይስ የሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ ቀኝ እጅ ሳያቋርጥ ይገርፋል፣ ግራ እጅ ጨበጥ ለቀቅ እያለ ድምፁን ያፍናል፣ ይፈታልም። አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ክራር እያየ ያደገ ልጅ ፈንክን እንደ ባዕድ የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ ፈንክ የተማረ ልጅም ክራርን ኋላ ቀር የሚልበት አፍ ሊኖረው አይገባም። ሁለቱም ግራ እጅ ዋናው የምት መሣሪያ እንደሆነ የገባቸው ሰዎች የሠሩት ጥበብ ነው።

ከኮንጎ ሩምባ የምወስደው አጭር ግን ትልቅ ትምህርት አለ። የፍራንኮ ኦኬ ጃዝና ከሱ በኋላ የመጡት ባንዶች ሁለት ሦስት ጊታር አሰልፈው አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም፤ ሪትሙ ሥሩን ይይዛል፣ መካከለኛው አጭር ሐረግ ይደጋግማል፣ ሊዱ ከላይ ይናገራል። ጊታርና ክራር በአንድ ባንድ ሲኖሩ እኛ አገር የሚታየው ችግር ሁለቱም አንዱን ዜማ መከተላቸው ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ ኪንሻሳ ተገኝቷል። ከሬጌ ዝምታን መማር ይቻላል። ከካንትሪ ደግሞ ትዝታ ሜጀርን፤ የዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቅርጽ በካንትሪ ጊታር ተጠንቶ ያለቀ ስለሆነ ጣት ለማፍታታት ከእሱ የተሻለ የለም።

ድምፅ አንድ ሆኖ ሕጉ እንደሚለይ ቅኝቶቻችን እርስ በርሳቸው እንኳ ያስተምራሉ። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚህኑ ድምፆች ከፋ ተነስተን ብንደረድራቸው ትዝታ ማይነር ይሆናሉ። ጃፓኖችም በኮቶ መሣሪያቸው የሚጠቀሙበት ሂራጆሺ የሚባል ቅኝት አላቸው፤ ርቀቱ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። አምባሰል የሚያዜም ሰው፣ ትዝታ የሚያንጎራጉር ሰውና ኮቶ የሚደረድር ሰው ግን አይሳሳቱም፤ እያንዳንዳቸው የት እንደሚያርፉ ያውቃሉ። ድምፁን ሁሉም አለው፤ ማረፊያውን ግን ተምሮ ነው የሚያገኘው።

የሰርግ ሥራን ስለሚንቁ ወጣቶች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ጉዳዩ ከልቤ ነው። ጃዝ መማር የጀመረ ጊታሪስት ሰርግ ላይ መጫወትን እንደ ውርደት ሲያወራ እሰማለሁ። በአንድ የሰርግ ምሽት ግን ጉራጊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ጎንደርኛ በተከታታይ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ የራሱ ምት፣ የራሱ ፍጥነት፣ የራሱ ጭፈራ አለው፤ ጨፋሪውም የተሳሳተ ምት ሲሰማ ወዲያው ይቆማል። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ፈታኝ የት ይገኛል? ጉራጊኛን ሳይደክም ሳይዘገይ ይዞ የሚዘልቅ ቀኝ እጅ የትኛውም አገር ሄዶ ሥራ አያጣም። በተቃራኒው ደግሞ ሰርግ ላይ ብቻ የሚጫወቱ፣ ከአራት ኮርድ በላይ ያለውን ሁሉ «የፈረንጅ ጣጣ» ብለው የሚገፉ አሉ። ሁለቱንም ወገን እወዳቸዋለሁ፣ ሁለቱም ግን ግማሹን ሙያ እያጡት ነው።

አሁን የያዝኩት ተማሪ ከሜታል ነው የመጣው። ጥቁር ጊታር፣ ወፍራም ክር፣ ዲስቶርሽኑ እስከ ጥግ። ባህል ነገር አይሆንልኝም ብሎ ነበር የጀመረው፤ እኔ ደግሞ አንቺሆዬን ሰጠሁት። አንቺሆዬ ከአራቱ ቅኝቶች ጊታሪስትን በጣም የሚያስቸግረው ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በመነሻው በዶ ላይ ኮርድ ልሥራ ቢሉ አይቻልም፤ ሚም የለም፣ ሶልም የለም። ኮርድ ለምዶ የመጣ ሰው ሳይታወቀው ሶልን ይጨምርና ቅኝቱ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ትራይቶን ነው፤ ጆሮ የሚቆረቁር ነው ተብሎ የሚሸሽ።

ይህ ልጅ ግን አልሸሸም። የሜታል አባት የሚባለው ባንድ ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ መክፈቻ ላይ ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ የተጫወተው ሪፍ የቆመው በዚሁ ትራይቶን ላይ ነው፤ ለልጁ ይህ ርቀት የሰፈሩ ድምፅ ነው። ወፍራሙን ክር ወደ ዶ አወረደው፤ ሜታል ተጫዋቾች አዘውትረው የሚያደርጉት ነው። ከዚያ በቅኝቱ ውስጥ የሚገኙትን ፓወር ኮርዶች እንዲፈልግ ነገርኩት። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፋ ከዶ ጋር፣ ሶል ፍላት ከሬ ፍላት ጋር። ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ፍሬት ነው፤ ሜታል ደግሞ አንድ ፍሬት ወጣ ወረድ የሚል ሪፍ ነፍሱ ነው። ከሥር ዶን እያስጮኸ ከላይ ሁለቱን ሲያፈራርቅ ከአንቺሆዬ አንዲት ድምፅ አልወጣም። ለዓመታት ጃዝ የተጫወቱ ሰዎች በዚህ ቅኝት ላይ ኮርድ ሲፈልጉ ሲደክሙ አይቻለሁ፤ እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደረሰበት።

የቀረን ላ ናት። ዲስቶርሽን አምስተኛ ርቀትን ንጹህ አድርጎ ያሳልፋል፤ ሦስተኛ ርቀት ሲገባ ግን ድምፁ ይደፈርሳል፤ ላ ደግሞ ከፋም ከሶል ፍላትም ጋር የምትፈጥረው ሦስተኛ ነው። ያለ ላ አንቺሆዬ አይሞላም። ስለዚህ አሁን ማሲንቆ ተጫዋች አብሮን እየተለማመደ ነው፤ ጊታሩ ሁለቱን ፓወር ኮርዶች ይዞ ይቆያል፣ ላን ማሲንቆው ከላይ ያመጣታል። ሰሞኑን የምንነጋገረው ማሲንቆው ከዲስቶርሽኑ በላይ እንዲሰማ ማይኩን የት እናስጠጋው በሚለው ላይ ነው።