ጎረቤት ሜዳ ላይ የተነሣ ዋንጫ

የስኮትላንድን የሊግ ዋንጫ ሬንጀርስና ሴልቲክ እንደ ርስት ሲቀባበሉት ኖረዋል። የ1982/83 የውድድር ዘመን ግን ከዚህ ወግ የወጣ ነው፤ እኔም አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው። ዳንዲ ዩናይትድ በ56 ነጥብ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ሴልቲክና አበርዲን እኩል 55 ይዘው ቀሩ። ሬንጀርስ? አራተኛ።

አበርዲንም ባዶ እጁን አልቀረም። በአሌክስ ፈርጉሰን እየተመራ፣ ሊጉ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጎተንበርግ ላይ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 ረትቶ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያች ትንሽ አገር፣ በአንድ ሳምንት!

የመጨረሻው ቀን ሜይ 14 ነበር። ዩናይትድ የገጠመው የከተማውን ባላንጣ ዳንዲን፣ ያውም በዴንስ ፓርክ ነው። ዴንስ ፓርክና የዩናይትዱ ታናዳይስ በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ፣ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ብቻ የሚለያያቸው ሜዳዎች ናቸው። አሰልጣኙ ጂም ማክሊንም በ1971 ያንኑ ጎዳና ተሻግሮ ከዳንዲ የመጣ፣ ፊቱ በቀላሉ የማይፈታ ሰው ነበር።

ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ራልፍ ሚልን ኳሷን ከርቀት አንስቶ በበረኛው አናት ላይ አሳለፋት። ከዚያ ኢመን ባነን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰበት፤ የተመለሰችውን ራሱ ደርሶ አገባት። ዳንዲ አንድ ቢመልስም ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ፤ ዩናይትድም እስከ ዛሬ ብቸኛ የሆነውን የሊግ ዋንጫውን እዚያው፣ ጎረቤቱ ቅጥር ውስጥ አረጋገጠ።