ብርቅነትና ባሕርይ፤ ስለ ከበረ ድንጋይ አመዛዘን
በሉማሜና በዙሪያዋ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ድንጋይ የሚመዘነው በሥራው ነው። ለወፍጮ የሚመረጠው ጥቁር ድንጋይ እየተፈረፈረ ዱቄቱን አሸዋ እንዳያደርገው ጽናቱ ይታያል፤ ፊቱ ሲለሰልስም ይወቀራል። ይህ ድንጋይ በየስፍራው የሚገኝ ስለ ሆነ ማንም ብርቅ አይለውም። የዕንቁ ነጋዴ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይገኛል?» ብሎ ነው። ከሁለቱ ሚዛኖች የትኛው እውነተኛውን ዋጋ እንደሚያሳይ መመርመር ይገባል።

ግዕዝ ከባሕር የሚወጣውን ዕንቁ «ባሕርይ» ይለዋል፤ ይኸው ቃል የአንድን ነገር ጠባይና ህላዌ ይገልጣል። ክብረ ነገሥትም ከአዳም ጀምሮ በትውልድ ስለ ተላለፈው ዕንቁ ሲናገር በዚህ ቃል ይጠቀማል። አማርኛ ግን ከባሕር የወጣውንም ከምድር የተቈፈረውንም አንድ አድርጎ «ዕንቁ» ይላል። ሰንፔር፣ መረግድና ኢያስጲድ የሚባሉት ስሞች ከቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም ጋራ የገቡ ስለ ሆኑ ብዙው አንባቢ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አያውቅም። በእነዚህ ዘንድ ስሙ ድንጋዩን ቀድሞታል።

በወሎ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የጎጃምንም የወሎንም ደጋ የሠራው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ፣ የአገሩ ሰዎች በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከገደሉ ውስጥ ኦፓል አገኙ። በብዙ መቶ ሜትር በሚቈጠረው የእሳተ ገሞራ ክምር መካከል ኦፓሉን የያዘው ንጣፍ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው። ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ በሰሜን ሸዋ በመዘዞ የታወቀው ኦፓል ብዙ ጊዜ ስለሚሰነጠቅ፣ የኢትዮጵያ ኦፓል ሁሉ በገበያ ይጠረጠር ነበር። የወገል ጤናው ግን በጽናቱ ይሻላል። ውሃ ሲጠጣ ነጭ አካሉ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል።

አንዳንድ ገዢ ይህን ጉድለት ይለዋል። ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ ውሃ መጠጣት የድንጋዩ ባሕርይ ነውና። ያው ድንጋይ ጢስና ቀለምም ስለሚቀበል ነጩን አጥቍሮ እንደ ተፈጥሮ ጥቁር የሚሸጥ አለ። ጉድለቱ ታዲያ የድንጋዩ ሳይሆን የሻጩ ነው።

ብርቅነትም ቢሆን የጸና መለኪያ አይደለም። በበርማ የተገኘው ፔናይት በ1957 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አዲስ ማዕድን ተብሎ ተመዘገበ፤ ለብዙ ዓመታትም ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ስለ ታወቁ ከዓለም ዕንቁዎች ሁሉ ብርቅ ተባለ። ከ2000 ወዲህ ግን በሞጎክ አካባቢ መገኛው ታውቆ ብዙ ስባሪ ወጣ። ድንጋዩ ከጥንት ጀምሮ በዚያው ነበረ፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው። ብርቅ የሚባለው ብዙ ጊዜ ገና ያልተፈለገው ነው።

ይህ ሁሉ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በደላንታ ገደል ዋሻ ተንዶባቸው የሞቱ ቈፋሪዎች አሉ። ከሚወጣው ድንጋይም ብዙው ሳይሞረድ እየተሸጠ በህንድ አገር በጃይፑር ይሞረዳል። በብርቅነት ሚዛን ዋጋውን የሚቈርጠው ከሩቅ ሆኖ የሚቈጥረው ሰው ነው፤ በባሕርዩ ቢመዘን ግን ዋጋውን ለመናገር የመጀመሪያው ባለ ሥልጣን ድንጋዩን ከገደሉ ያወጣው ሰው በሆነ ነበር። የሉማሜ ወፍጮ መራጭ ድንጋዩን በእጅዋ ዳስሳ ትፈርዳለች፤ የደላንታው ቈፋሪም ድንጋዩን መሞረድና መለየት ቢማር እንደ እርስዋ ፈራጅ ይሆናል።