የሙሽሪት እቅፍ አበባ፦ ለሠርጉ ወይስ ለፎቶግራፉ?

በሃይፋና በአካባቢዋ በሚደረጉ ሠርጎች ስንታደም ስለ ምግቡ፣ ስለ ዘፋኙና ስለ ቀሚሱ ብዙ ሲባል እንሰማለን። ሙሽሪት ቀኑን ሙሉ ስለምትይዘው እቅፍ አበባ ግን «ያምራል» ከማለት አልፎ የሚተች የለም። ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን በአንድ ሠርግ ላይ ያየነው ነገር ነው። ሙሽሪት የአያቷን ጉልበት ለመሳም ቀረበች፤ ነገር ግን አበባው ከደረቷ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ፣ ከባድና በሁለት እጅ ካልሆነ የማይያዝ ስለነበረ ጎንበስ ማለት አልቻለችም። አያቷ የዘረጉትን እጅ መልሰው ሰበሰቡ። በኋላ አልበሙን ስናይ አበባው ጎልቶ ወጥቷል፤ አያቷ ከአበባው ጀርባ ቀርተዋል።

እናቶቻችን በጎንደር ሲዳሩ እቅፍ አበባ አልያዙም። የቤተ እስራኤል ሠርግ ዋነኛ ምልክት ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ የሚያስሩት ነጭና ቀይ ቀሸራ ነበር፤ ነጩ የሙሽራውን ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽሪትን ድንግልና ያመለክታል። በዕብራይስጥ እቅፍ አበባ «ዜር» ይባላል፤ በእነዚያው ሁለት ፊደላት የሚጻፈው «ዛር» ደግሞ ባዕድ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ባዕድ ነውና ይቅር አንልም። ልጆቻችን ወደውታል። ጥያቄው የትኛው ዓይነት ለእኛ ሠርግ ይስማማል የሚለው ነው።

አበባ ሻጮች ከሚያቀርቧቸው ሦስቱን እንመልከት። የመጀመሪያው ወደ ታች የሚወርደው ነው። ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. በ1981 ስትዳር ይዛው በዓለም ሁሉ ታይቷል። ለሰፊ ቬሎ ይሆን ይሆናል፤ ለሐበሻ ቀሚስ ግን አይሆንም። የቀሚሱ ጥልፍ ከአንገት ጀምሮ በፊት ለፊት መሐል ለመሐል የሚወርድ ስለሆነ፣ ጠላፊው የደከመበት ሥራ ሁሉ ከቅጠል ሥር ይቀበራል። ብዙውን ጊዜ ውሃ በያዘ ስፖንጅ ላይ ስለሚሰካም ይከብዳል። ሁለተኛው ባለ ረጅም ዘንግ ሆኖ በክንድ ላይ የሚጋደመው ነው፤ ጥልፉን በከፊል ያሳያል፤ አንድ ክንድ ግን ያስራል። ሦስተኛው በእጅ የታሰረ ትንሽ ክብ እቅፍ ነው። ወደ ጎን ዝቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ለሚዜም በቀላሉ ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። ከሑፓው ሥር ቀለበቱ በቀኝ እጇ አመልካች ጣት ላይ ይገባል፤ ከጽዋው ትቀምሳለች፤ ኬቱባውን ትቀበላለች። ከዚያም ጉልበት መሳሙ፣ እቅፉና እስክስታው አለ። ሠርጋችን የሙሽሪትን እጅ ባዶ ሆኖ ይፈልገዋል።

«የኢትዮጵያ አበባ» እየተባለ የሚቀርበውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ነጩ ካላ በሳይንሳዊ ስሙ «ኤቲዮፒካ» ስለሚል ብቻ የአገራችን አበባ የሚመስላቸው አሉ። የትውልድ ቦታው ግን ደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ በድሮ ዘመን አውሮፓውያን ሰፊውን የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያ ይሉት ስለነበር የወጣ ስም ነው። ካላ ውብ አበባ ነው፤ ስለ ውበቱ ይያዝ፣ ስለ ስሙ ግን አይሁን። አደይ አበባም የመስከረም አበባ ነው። በግንቦት ሠርግ ሌላ ቢጫ አበባ ይዞ አደይ ነው ማለት ራስን ማታለል ይሆናል።

ታዲያ የራሳችን የምንለው ምን እንጨምርበት? መልሱ በእናቶቻችን ቅቤ ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ሴቶች ለጸጉር የሚሆነውን ቅቤ የሚያሸቱት በአደስ ነው። አደስ ደግሞ ዕብራይስጡ «ሃዳስ» የሚለው፣ በሱኮት ከአራቱ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ የምንይዘው ያው ተክል ነው። በታልሙድ፣ በኬቱቦት 17፣ ረቢ ይሁዳ ባር ኢላይ የሃዳስ ዝንጣፊ ይዘው በሙሽሪት ፊት ይጨፍሩ እንደነበር ተጽፏል። በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እንኳ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1858 ከተዳረችበት ጊዜ ጀምሮ ሙሽሮች በእቅፋቸው አደስ ይጨምራሉ። እንግዲህ አንድ ዝንጣፊ አደስ የአያትን የቅቤ ሽታና የሊቃውንቱን ጭፈራ በአንድ እጅ ያስይዛል።

የሃይፋንም በጋ መዘንጋት አይገባም። አበባው ጠዋት ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ በቀርሜሎስ ወይም በዳዶ ባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሑፓው ግን ማታ ነው። እንደ ሆርቴንሲያ ያለው ውሃ ወዳድ አበባ እስከዚያ ድረስ ይጠወልጋል፤ አደስ፣ የወይራ ቅጠልና የጥብስ ቅጠል ግን ይዘልቃሉ። ጤና አዳም ለቡና እንጂ ለሙሽራ እጅ አይመከርም፤ ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። በቀርሜሎስ ላይ በክረምት የሚያብቡት ካላኒትና ራከፌት በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ መቁረጥ ክልክል ነው።

እናትና ልጅ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ እንሰማለን። እናት «ይህ የእኛ አይደለም» ትላለች፤ ልጅ «ሠርጉ የእኔ ነው» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጅ አበባዋን ትምረጥ፤ እናት አደሱን ትጨምር። ከመግዛታቸው በፊት ግን ልጅቱ እቅፉን ይዛ እቤቷ ውስጥ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ ትሞክረው። የአያቷን ጉልበት ለመሳም የሚያስችላት ከሆነ፣ ያ እቅፍ ለሠርጓ የተስማማ ነው እንላለን።