ግራ እጅ የሚሰማበት ስፒከር

ኪቦርድ የገዛ ሰው «ምን ዓይነት ስፒከር ልግዛ?» ብሎ ሲመጣ፣ ስለ ዋት ከማውራታችን በፊት በግራ እጁ ምን እንደሚጫወት እጠይቀዋለሁ። ጥያቄው ብዙውን ሰው ግራ ያጋባዋል። ሱቅ ሄዶ ስፒከር የሚሞክረው በቀኝ እጁ ነዋ! ፒያኖ ይመርጣል፣ አንድ ሁለት የትዝታ ሐረግ ይጫወታል፣ ወደ ሳክስፎን ይቀይርና ከፍ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። ቀኝ እጅ ዜማ የሚጫወተው አብዛኛውን ጊዜ ከኪቦርዱ መሀል ወደ ላይ ነው፤ እዚያ ያለውን ድምፅ ርካሽ ስፒከርም ብዙ አያበላሸውም። ስፒከር ከስፒከር የሚለየው ታች ነው።

እነ ያማሃ ፒኤስአር እና እነ ኮርግ ፒኤ ከሌላው መሣሪያ የሚለዩት አጃቢያቸውን ይዘው በመምጣታቸው ነው። ግራ እጅ አንድ ኮርድ ሲይዝ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩና ስትሪንጉ አብረው ይነሳሉ፤ ኮርዱ ሲቀየር ተከትለው ይቀየራሉ። የጊታር አምፕ ጊታርን ካሳመረ ሥራውን ጨርሷል፣ የቤዝ አምፕም እንዲሁ። የእኛ ስፒከር ግን ከቤዙ እስከ ሃይሃቱ፣ አንዳንዴም የዘፋኙን ማይክ ጨምሮ፣ ሙሉ ባንድ ይሸከማል። ችክችካ ላይ ደግሞ ጨዋታውን የሚይዙት የኪኩና የቤዙ ምቶች ናቸው። እነሱ በደንብ ካልተሰሙ ቀኝ እጅ ሳይታወቀው ይሮጣል፤ ተማሪ ሲሮጥብኝ መጀመሪያ የማየው ጣቱን ሳይሆን የተቀመጠበትን ስፒከር ነው።

የአራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ የሚርገበገበው 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። አምስተኛ ክር ሲጨመርበት ቢው እስከ 31 ኸርዝ ይወርዳል። ሪትሙ ውስጥ የተጫነው ቤዝም እዚያው አካባቢ ይመላለሳል። ከኪቦርዱ ጋር አብረው የሚመጡት ስፒከሮች፣ ለምሳሌ በያማሃ ፒኤስአር ኤስኤክስ 900 ላይ ያሉት፣ በእያንዳንዱ ጎን በ15 ዋት የሚነዱ ናቸው። ለልምምድ አይከፉም፤ ግን ከዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ገላ 41 ኸርዝ እንዲወጣ መጠበቅ የዋህነት ነው። ቤዙን የሰማነው የሚመስለን ጆሯችን 82ቱንና 123ቱን ኸርዝ ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ስለሚሞላው ነው። ኖታው ይታወቃል፣ ክብደቱ የለም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኖስን ሲያወጣ ገላው ውስጥ ጭራሽ ስፒከር አልከተተበትም፤ ኮርግም ፒኤ4ኤክስን ያለ ስፒከር ነው የሠራው። እዚያ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች የራሱን ድምፅ ማውጫ እንደሚመርጥ ያውቃሉ።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ጉዳቱ የሚታየው ሰውየው የቤቱን ሚዛን ይዞ ሲወጣ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ዘፈን በዘፈን ሬጂስትሬሽን ያዘጋጃል። ቤዙ አልሰማ ስላለው ከፍ ያደርገዋል፣ ማስተር ኢኪው ላይ ሎውን ይጨምራል፣ ኪኩን ያወፍራል፣ ሴቭ ያደርጋል። ቅዳሜ የሰርግ አዳራሽ ገብቶ 18 ኢንች ሰብ ላይ ሲሰካው መስኮቱ ይርገፈገፋል፣ የዘፋኟ ቃል አይለይም። ሳውንድ ማኑ ታቹን ሲቆርጠው ደግሞ ሪትሙም አብሮ ይሞታል። ሁለቱ እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ፤ ቤት የቀረችውን ትንሽ ስፒከር የሚያስታውሳት የለም። ስለዚህ አዲስ ስፒከር ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ የኪቦርዱን ኢኪው ወደ ዜሮ መልሶ፣ የተቀመጡትን ሬጂስትሬሽኖች አንድ በአንድ እንደገና ማመጣጠን ነው። አሰልቺ ነው፤ መዝለል ግን አይቻልም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ብዙ ቤት ያለው የቴሌቪዥን ሆም ቴአትር ነው፤ «ሰብ አለው እኮ» ይሉኛል። ትንንሾቹ ስፒከሮች ወደ ታች መውረድ ስለማይችሉ ሰቡ የእነሱንም ድርሻ እንዲሠራ ይገደዳል። ውጤቱ ሁሉም የቤዝ ኖታ አንድ ዓይነት ድም ድም መሆኑ ነው። ለፊልም ፍንዳታ ደስ ይላል፤ ከኤፍ ወደ ጂ የሄደን ቤዝ ግን አይለይም። ለኪቦርድ ተብሎ የሚሸጠው አምፕ ጠንካራና ለመሸከም ምቹ ነው፤ ችግሩ ብዙው ሞኖ መሆኑ ነው። የዛሬ ኪቦርድ ፒያኖና ስትሪንግ በስቴሪዮ የተቀዱ ናቸው፤ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲጨፈለቅ ከፊሉ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ፒያኖው ይሳሳል።

የብዙ ሰው ልብ ያለው ግን ሞንታርቦው ላይ ነው። አልፈርድም፤ 15 ኢንች ስፒከር ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሲታይ ግርማ አለው። ይሁንና ያ ዕቃ የተሠራው 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ለቆመ ሕዝብ ነው። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ከስፒከሩ የሚርቀው ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል ነው። በዚያ ርቀት የላይኛው ሆርን ጆሮ ይወጋል፣ ሳይጫወቱ እንኳ ሽሽታው ይሰማል፣ አንዳንዱም በውስጡ ያለው ማራገቢያ ያጉረመርማል። አንድ ሰው ቤትም እየተለማመደ ውጭም እየወጣ የሚጫወት ከሆነ፣ ለሁለት የሚበቃ ገንዘብ ከሌለው፣ ሁለት ባለ 10 ኢንች አክቲቭ ስፒከሮችን እመክረዋለሁ። መካከለኛ መፍትሔ ነው እንጂ ፍጹም አይደለም።

ከቤት ለማይወጣ ተጫዋች ግን ልቤ የሚያርፈው ስቱዲዮ ሞኒተር ላይ ነው። የተሠራው በክንድ ርቀት ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ኪቦርድ ላይ የተቀመጠ ሰው ያለውም እዚያው ነው። ያማሃ በሚሰጠው ልኬት ባለ 5 ኢንቹ ኤችኤስ5 እስከ 54 ኸርዝ፣ ባለ 8 ኢንቹ ኤችኤስ8 ደግሞ እስከ 38 ኸርዝ ይወርዳል፤ ያውም ጫፉ ላይ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ቀንሶ። የቤዙ ኢ 41 ኸርዝ ነበረ አላልንም? ከአንዱ ውጭ፣ ከሌላው ውስጥ ነው። ስሙን የጠራሁት ቁጥሩ በይፋ ስላለ እንጂ ሌላው ፋብሪካ አይሆንም ለማለት አይደለም። የማንም ይሁን፣ ጥንድ 8 ኢንች ከቻሉ ይግዙ፤ ካልቻሉ 5 ኢንቹን ገዝተው ታቹን እንደማያሳይዎት እያወቁ ይጫወቱ። በኋላ ሰብ መጨመር ይቻላል።

አሁን ማንም የማይሸጠው ነገር ላይ ደረስን፤ ክፍሉ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 7 ሜትር ነው። 343ን ለ7 ብናካፍል 49 እናገኛለን፤ 49 ኸርዝ ደግሞ የቤዙ ጂ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግራ እጅ ጂ ላይ ሲያርፍ ቤዙ ይነፋል፣ ቀጥሎ ወዳለው ኮርድ ሲሻገር ይጠፋል። ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ ተረኛው ኤፍ ነው። ሰዎች ይህንን የስፒከር ጉድለት ያደርጉትና ሸጠው ሌላ ይገዛሉ፤ አዲሱም ያችኑ ጂ ይነፋል። ለመለየት ከሪትሙ ድራሙንና ሌላውን ዘግቶ ቤዙን ብቻ መተው፣ ከዚያ ግራ እጅን ከሲ ጀምሮ ቁልፍ በቁልፍ፣ ጥቁሩንም ሳይዘልሉ፣ መውጣት ነው። አንዱ ኖታ ካበጠ ወንበሩን ገፋ፣ ስፒከሩን ከማዕዘኑ ፈቀቅ ማድረግ። እብጠቱ ከተለወጠ ጥፋተኛው ክፍሉ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ መቀመጥም አይመከርም፤ ያ የሚነፋ ኖታ ልክ መሀል ላይ ይጠፋል፣ ግድግዳ ሥር ይበረታል። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ ወጣቶች አያለሁ። የላይኛውን ድምፅ ትንሽ ያለዝብላቸው ይሆናል፤ ለ49 ኸርዝ ግን ምንም አይፈይድም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ቤዝ በአየር ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛው እግር ወርዶ በወለሉ በኩል ታች ቤት ይገባል። ስፒከሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ራሱን በቻለ ማቆሚያ ላይ ማድረግ፣ ከሥሩም ወፍራም ስፖንጅ መክተት፣ ከጎረቤት ጋር ለመኖር ይረዳል። ድምፁን ዝቅ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ታቹን ነው። ሌሊት በሹክሹክታ ልክ የተመጠነ ቤዝ ሁልጊዜ ይበዛል። ሚዛን የሚሠራው ቀን፣ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው በሚያወሩበት ልክ ነው፤ ሌሊቱን ለሄድፎን ይተዉት። ጣትን ለማሠልጠንና ዜማ ለመፈለግ ትልቅ ድምፅ አያስፈልግም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ በሚነዳባቸው ዓመታት፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይጫወት እንደነበር በሰፊው የተነገረ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሄድፎን ከበቂ በላይ ነው፤ የማይበቃው ለማመጣጠን ነው።

ዋትስ? አንድ መርካቶ ያለ ሻጭ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ 1000 ዋት ነው!» ብሎኝ ነበር። «አርኤምኤሱ ስንት ነው ልጄ?» አልኩት። ካርቶኑን አገላብጦ ሳቀ። በትልቁ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ቁጥር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። በቤት ውስጥ በ70 ዋትና በ120 ዋት ስፒከር መካከል ያለው ልዩነት ከጩኸት ይልቅ የሣጥኑና የኮኑ ስፋት ነው።

ብሉቱዝ ካለው ዘፈን ይስሙበት፤ አይጫወቱበት። መዘግየቱ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት ሲሰላ ስፒከሩ 69 ሜትር ገደማ ርቆ እንደመቀመጥ ነው። ከኪቦርዱ ሌፍትና ራይት መውጫ በሁለት ገመድ መሄድ ነው፤ ገመዱም አጭርና ደህና ይሁን። ሲሰኩት «ህምም» የሚል ድምፅ ከመጣ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ ከጂው አጠገብ ስለሆነ ቤዙን ሁሉ ያደፈርሰዋል። ኪቦርዱን፣ ስፒከሩንና ካለም ሚክሰሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል፤ እምቢ ካለ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ በመካከል ማስገባት ነው። የመሬቱን ሽቦ ግን በፍጹም አይቁረጡ፤ ያ ሽቦ ለድምፅ ሳይሆን ለሕይወት ነው የተዘረጋው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው ዕቃ ጀርባው ይነበብ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም፤ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። መብራት ሲሄድ ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ደግሞ የአገራችን ልማድ ነውና አላስተምርም። ሲበራ ስፒከሩ መጨረሻ፣ ሲጠፋ መጀመሪያ።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ እኔም ብዙውን ጊዜ የምገዛው ያገለገለ ነው። የራስዎን ኪቦርድ ይዘው ይሂዱ፣ ሻጩ ቡና እያለም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት፤ ሲሞቅ ብቻ የሚያንኮራኩር አምፕ አለና። ያንኑ የቤዝ መሰላል ቀስ ብለው ይውጡ። አንድ ኖታ ላይ ፍርርር የሚል ካለ ወይ ኮኑ ይፋተጋል ወይ የዙሪያው ጎማ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለውን ዋጋው ቢወርድም አልወስደውም። ትዊተሩ ብቻ ከተቃጠለና ምትኩ ገበያ ላይ ካለ ግን እደራደራለሁ።