ለመጀመሪያዎቹ የቢሮ ሥራ ኮርሶች

የአዲስ አበባ ሰንጋ ተራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ሲያፈራ ኖሯል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው የመግቢያ ኮርሶቹን ነው። ደብዳቤ ቁጥርና ቀን እንዲኖረው፣ ጉዳዩ በአንድ መስመር እንዲገለጽ፣ ከግርጌው ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች እንዲጠቀሱ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ዴቢትና ክሬዲት እኩል ካልመጡ ተማሪው ስህተቱን እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይፈትሻል፤ ይህን ትዕግሥት ሶፍትዌር አይተካውም። ገቢና ወጪ ደብዳቤ በወጉ ባይመዘገብ ጡረታውን ለማስከበር የመጣ አዛውንት ፋይሉ ጠፍቶ ደጅ ሲጠና ይከርም ነበር። ፋይሉን ወዲያው አግኝታ «ይኸው አባባ» የምትለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙያዋን የቀሰመችው ከእንዲህ ያለ ክፍል ነው። ኮርሶቹን «ቀላል ናቸው» ብላችሁ የምትዘሉ ተማሪዎች፣ እባካችሁ በደንብ ተማሯቸው።