አበባው ከረገፈ በኋላ

ከርከዴ ብለን በፈላ ውሃ የምንዘፈዝፈው ቀይ ነገር አበባው አይደለም። አበባው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ጉሮሮው ብቻ ጠቆር ያለ ቀይ። ጠዋት ይከፈታል፣ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው ከሥሩ ያቀፈው ሽፋን ነው።

ተክሉ የሂቢስከስ ወገን፣ የጥጥና የባሚያ ዘመድ ነው። የጥጥ ማሳ ያየ የመተማ ሰው አበባውን ሲያይ ቤተሰቡን ይለየዋል። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ኮርዶፋን ለገበያ በብዛት ይመረታል፤ ለቤት ግን ጓሮ ውስጥ ጥቂት እግር ይበቃል።

የሚዘራው ዝናቡ ሰኔ ላይ ሲይዝ ነው። የቆላው ዋልካ ውሃ ይቋጥራል፤ ከርከዴ ደግሞ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት አይወድም። ስለዚህ መደቡ ከፍ ይላል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ዘር፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፤ ከበቀለ በኋላ ጠንካራው ብቻ ይቀራል። በመካከላቸው 1 ሜትር ቢተው አይበዛም፤ ቁመቱ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ሰኔን የሚያስመርጠው ዝናቡ ብቻ አይደለም። ከርከዴ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። መተማ ላይ በሰኔ ቀኑ 13 ሰዓት ግድም ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ከ11 ሰዓት ተኩል በታች ይወርዳል። እኛ ልብ የማንለውን ይህን ልዩነት ተክሉ ይለካዋል። ቀድሞ የተዘራው ቀኑ እስኪያጥር ቅርንጫፉን ያደረጃል። ዘግይቶ የተዘራው ግን ጉልበት ሳያወጣ ያብባል፣ ምርቱም ያንሳል።

ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ መመልከት ደስ ይላል። የታችኞቹ ያልተከፈሉ ናቸው፤ ከፍ ሲል ሦስት፣ አምስት ጣት ያወጣሉ፤ አበባው አጠገብ እንደገና ይጠባሉ። ገልበጥ ቢያደርጉት በመካከለኛው ጅማት ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ጣፋጭ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ጉንዳን ያውቃታል።

አበባው የአምስት ሥራ ነው። አምስቱ የአበባ ቅጠሎች አንዱ ጠርዙን በሌላው ላይ ደርቧል። የወንዴው ክሮች ለየብቻ አልቆሙም፤ ተጋጥመው ቱቦ ሠርተዋል። የሴቴው ዘንግ በቱቦው መሃል አልፎ ጫፉ ላይ አምስት ራስ ያወጣል። ፍሬው ባለ አምስት ክፍል፣ ቀዩ ሽፋንም ባለ አምስት ሾጣጣ ነው። ከሽፋኑ ሥር ከ8 እስከ 12 ቀጫጭን ጣቶች፣ የቀለበት ፈርጥ እንደሚይዙ ጥርሶች፣ ዙሪያውን ይዘውታል።

አበባው ሲረግፍ ሽፋኑ መወፈር ይጀምራል። ለእኔ ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። በሦስት ሳምንት ግድም ሥጋው ይሞላል፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ቢቸኩሉ ስስ ነው፤ ቢቆዩ ይጠነክራል። ቅርንጫፉ ከታች ወደ ላይ ስለሚያብብ ለቀማው በአንድ ቀን አያልቅም። ጠዋት መልቀም ይሻላል፤ ያኔ አገዳው በቀላሉ ይቆረጣል።

ከዚያ ፍሬውን ከሽፋኑ መለየት ነው። ጫፉ የተሳለ ቀጭን የብረት ቱቦ ከሥር ይገባል፣ ዞር ይላል፣ ፍሬውን ገፍቶ ያወጣዋል። እጅ ሲለምድ ሽፋኑ ሳይቀደድ አምስቱም ሾጣጣ እንደቆሙ ይቀራሉ። ማድረቂያው ነፋስ ያለው ጥላ ነው፤ ብርቱ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል። ከ10 ኪሎ እርጥብ 1 ኪሎ ያህል ደረቅ ይወጣል።

ለከርሞ ዘር ከጠንካራው እግር ጥቂት ፍሬ ሳይነካ ይተዋል። ሲደርቅ በአምስቱ መስመር ይሰነጠቃል፤ ቡናማው ዘር ከመበተኑ በፊት መሰብሰብ ነው።